አሥር ዓመት፣ አሥር አልበም

በ1979 ነው፤ ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእንግሊዟ የበርሚንግሃም ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ ዋተር ኦርተን የምትባል መንደር አለች። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የዚያች መንደር ወጣት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ፣ ተራ የካሴት መቅረጫ ከፍቶ፣ ጊታሩን ያለ ርኅራኄ እየገረፈ አንድ ዜማ ቀዳ። ቃላቱ በቅጡ አይሰሙም፤ ጊታሩም ከዜማ ይልቅ ለጩኸት ይቀርባል። ወጣቱ ግን የቀዳውን «ኢንዴክስ» ብሎ ሰየመው፤ «ሻንግሃይ» የሚል የራሱን የአሳታሚ ስም ፈጠረለት፤ በሸክላ አሳትሞም ለጋዜጦች ላከው። በዘመኑ ብዙ አንባቢ ከነበራቸው የሙዚቃ ሳምንታዊ ጋዜጦች አንዱ የሆነው «ሳውንድስ» አወድሶ ጻፈለት። ቡድን የለው፣ መድረክ ወጥቶ አያውቅ፤ ስሙ ግን ከለንደን ጋዜጣ ገጽ ላይ ወጣ።

በኋላ የሰበሰበው ባንድ ስም ፌልት ነው፤ የወጣቱ ሎረንስ። የአባት ስም ቢኖረውም በሸክላ ሽፋን ላይ አይጽፈውም፤ እስከ ዛሬ ሎረንስ ብቻ ነው። ከዚያች ካሴት በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ፌልት አሥር አልበም አወጣ። አንዱም በእንግሊዝ ዋና የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የሚሰጠው አልሆነም። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሙዚቀኞች መካከል ከፌልት ያልተማረ፣ ወይም ለፌልት ያልተቆጨ ማግኘት ያስቸግራል።

መኝታ ቤት ውስጥ የተቀዳ ጩኸት ሸክላ ሆኖ ገበያ ላይ የሚወጣበት ዘመን የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። እስከዚያ ድረስ ዘፈን ማሳተም የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሥራ ነበር፤ ስቱዲዮውም፣ ማተሚያውም፣ የጭነት መኪናውም በእነሱ እጅ ነው። በ1977 መጀመሪያ በዝኮክስ የተባለ የማንችስተር ባንድ ከዘመድ ወዳጅ በተበደረው ገንዘብ «ስፓይራል ስክራች» የተባለችውን አነስተኛ ሸክላ በራሱ አሳተመ። ሸክላዋ በሺዎች ስትሸጥ ያየ ሁሉ ገንዘቡን መቁጠር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በየከተማው ከአንድ ሱቅ ወይም ከአንድ መኝታ ቤት የማይበልጡ አሳታሚዎች ፈሉ። ለንደን ያለው የረፍ ትሬድ ሸክላ ቤት እነዚህን ከሌሎች ሱቆች ጋር አስተሳስሮ በመላ አገሪቱ ማከፋፈል ያዘ። «ኢንዲፔንደንት» የሚለው ቃል አጥሮ «ኢንዲ» የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሙዚቃ ስልት ሳይሆን የንግድ መንገድ ስም ነበር።

በጥር 1980 ኢንዲው የራሱ የሽያጭ ሰንጠረዥ ወጣለት። መመዘኛው አንድ ነው፤ ሸክላው በትልልቆቹ ኩባንያዎች የስርጭት መስመር ያልተላለፈ መሆን አለበት። ስለዚህ በአሥር ዓመቱ መገባደጃ ላይ ካይሊ ሚኖግ የምትባለው የዳንስ ቤት ንግሥት፣ አሳታሚዋ ራሱን ችሎ ስለሚያከፋፍል፣ ጸጉራቸውን ዓይናቸው ላይ ከለቀቁ የጊታር ልጆች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ስትሰለፍ ታየች። ልጆቹ አልተደሰቱም።

ሌላም ነገር ነበር። በርሚንግሃምና አካባቢዋ የመኪናና የብረታ ብረት ፋብሪካ አገር ናቸው፤ በማርጋሬት ታቸር ዘመን መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። በ1982 መጀመሪያ የብሪታንያ ሥራ አጥ ከሦስት ሚሊዮን አለፈ። ሥራ የሌለው ወጣት ከመንግሥት በየሳምንቱ የምትቆረጥለት ድጎማ አለች፤ አትበቃም፣ ግን ታኖራለች። የራሱን ሥራ ለሚጀምር ደግሞ በሳምንት 40 ፓውንድ የሚሰጥ መርሐ ግብር ነበር፤ ፌልት በኋላ የተቀላቀለውን ክሪኤሽን የተባለ አሳታሚ ያቋቋመው አለን መጊም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ለግል ባለሀብት ጠበቃ የነበረ መንግሥት ሳያስበው የአንድ ትውልድ ጊታር መቺዎች ቀላቢ ሆነ ማለት ነው። ያለዚያ ድጎማ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይሸጡ አልበም ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም።

ሎረንስ ከሌሎቹ የኢንዲ ልጆች የሚለየው በአንድ ነገር ነበር። እነሱ ዝናን ይንቃሉ፤ ቢያንስ የናቁ ይመስላሉ። እሱ ግን ዝናን በግልጽ ይፈልጋል፤ መኪናውን፣ ፎቶውን፣ ደጅ ጠኚውን ጭምር። ጣዖቶቹ ሉ ሪድ፣ ቦብ ዲላንና የኒውዮርኩ ቴሌቪዥን ባንድ መሪ ቶም ቨርሌን ነበሩ። የባንዱን ስም እንኳ የወሰደው ቨርሌን «ቪነስ» በተባለው ዘፈኑ ላይ ጠበቅ አድርጎ ከሚያወጣት አንዲት ቃል ነው። ዝና መፈለጉ ብቻውን አያስደንቅም። የሚያስደንቀው እያንዳንዱ ውሳኔው ዝናን አንድ እርምጃ የሚያርቅ መሆኑ ነው፤ የፌልት ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ተቃርኖ ታሪክ ነው።

ወደ ባንዱ እንመለስ። ዕድል ሆኖ በዚያችው መንደር ሞሪስ ዲባንክ የሚባል ሌላ ወጣት ነበር። ዲባንክ የክላሲካል ጊታር ተምሯል፤ ጣቶቹ ክሮቹ ላይ የሚሄዱት የሮክ ጊታሪስት እንደሚያደርገው አይደለም፤ ነጠላ ነጠላ ድምፆችን እየለቀመ፣ ሳይቸኩል፣ ረጅም ዜማ ይዘረጋል። ሎረንስ ሁለት ሦስት አኮርድ ይዞ ይመታል፣ ከጊታሩ በታች ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ያንጎራጉራል፤ ዲባንክ ከላይ ይሸምናል። በ1981 ድራመሩ ጋሪ ኤንጅ ተጨመረ። ለእሱም የተሰጠው ትእዛዝ ለየት ያለ ነበር፤ ሲምባል አይነካም። የሮክ ድራመር ሲምባል ከተከለከለ ግማሽ መሣሪያው ተወሰደበት ማለት ነው። ኤንጅ ግን በከበሮዎቹ ብቻ ደብዘዝ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ምት አበጀ፤ እስከ ባንዱ መጨረሻም ከሎረንስ ጎን ያልተለየው እሱ ብቻ ነው።

ቼሪ ሬድ የተባለው የለንደን አሳታሚ አስፈረማቸው። የመጀመሪያው አልበም በ1982 ወጣ፤ ርዕሱ «ክራምብሊንግ ዘ አንቲሴፕቲክ ቢዩቲ» ነው። ስድስት ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። በዘመኑ ሬዲዮው ሁሉ የሲንተሳይዘር ድምፅ በነበረበት ሰዓት ይህ አልበም ምንም ዓይነት ጥድፊያ የለበትም፤ አንዳንዱ ዘፈን ላይ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ጊታሩ ደቂቃዎች ይወስዳል። በ1984 ሁለት አልበም ተከታተሉ። «ዘ ስፕሌንደር ኦፍ ፊር» ቃል የሌላቸው ረጃጅም ቅንብሮች የበዙበት ሲሆን፣ «ዘ ስትሬንጅ አይዶልስ ፓተርን» ደግሞ ጆን ሌኪ ፕሮዲውስ ያደረገው፣ አጠር አጠር ያሉ ዘፈኖች የያዘ ነው። ሌኪ ከዓመታት በኋላ የስቶን ሮዝስን የመጀመሪያ አልበምና የሬዲዮሄድን «ዘ ቤንድስ» የሠራ ሰው ነው፤ ጆሮው አልተሳሳተም ነበር።

ሎረንስ ከመነሻው አንድ ዕቅድ ነበረኝ ይላል። ባንዱ አሥር ዓመት ይኖራል፤ በአሥር ዓመት አሥር አልበምና አሥር ነጠላ ዜማ ያወጣል፤ ከዚያ ይፈርሳል። ዕቅዱ በእርግጥ ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ይሁን ወይስ መንገዱ ካለቀ በኋላ የተሳለ ካርታ፣ አድናቂዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ቁጥሩ ግን ገጥሟል፤ ነጠላ ዜማዎቹን በእሱ አቆጣጠር ከቆጠርን። ሮክ ሙዚቃ ውስጥ ባንዶች የሚፈርሱት በጠብ፣ በዕዳ ወይም በሞት ነው፤ በቀነ ገደብ የፈረሰ ግን እምብዛም አይገኝም።

በዚሁ ወቅት ማንችስተር ላይ ዘ ስሚዝስ ተነሡ። የሚመሳሰሉበት ብዙ ነው፤ እነሱም በአንድ ትንሽ አሳታሚ ሥር ናቸው፣ እነሱም አንድ ጊታር አዋቂና አንድ መጽሐፍ የሚወድ ድምፃዊ አላቸው። በ1983 መጨረሻ ስሚዝስ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተባለው የቢቢሲ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበው በማግሥቱ አገር አወቃቸው። ፌልት ያ ዝግጅት ላይ አንድም ቀን አልቀረበም። የባሰው ግን ሬዲዮው ነው። የእንግሊዝ ኢንዲ ባንድ በሩን የሚያንኳኳው አንድ ሰው ዘንድ ነበር፤ ጆን ፒል። በሬዲዮ 1 የማታ ፕሮግራሙ ያልታወቁ ባንዶችን ወደ ስቱዲዮ እየጠራ ያስቀርጽ ነበር፤ ስንቱ ባንድ በእሱ ምክንያት እንጀራ በላ። ፌልትን አልጠራም። ሎረንስ ይህን ቅሬታ እስከ ሽምግልናው ይዞት ቆይቷል፤ አይፈረድበትም።

ዝና ቀረብ ብላ የታየችው በ1985 ነው። ለአራተኛው አልበም «ኢግናይት ዘ ሰቨን ካነንስ» የኮክቶ ትዊንስ ጊታሪስት ሮቢን ጋትሪ ፕሮዲውሰር ሆኖ ገባ። ኮክቶ ትዊንስ ከስኮትላንድ የመጡ፣ በጊዜው በኢንዲው ዓለም የተከበሩ ነበሩ፤ የባንዱ ድምፃዊት ኤሊዛቤት ፍሬዘር ደግሞ ቃሏ ባይገባም ድምፅዋ የሚያስቆም ዘፋኝ ናት። «ፕሪሚቲቭ ፔይንተርስ» ላይ ተቀባይ ሆና እንድትገባ ተጠየቀች፤ እሺ አለች። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የዲባንክ ጊታር ከመጀመሪያው ሰከንድ ይፈስሳል፤ አዲስ የገባው የማርቲን ደፊ ኪቦርድ ከሥሩ ይሞላዋል፤ ሎረንስ በተለመደው ደረቅ ድምፁ ስንፍናውንና ተስፋ ማጣቱን ይናዘዛል፤ ከዚያ አዝማቹ ላይ ፍሬዘር ትገባና ጣሪያውን ታነሣዋለች። የፌልትን አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ የተባለ ሰው ብዙ ማሰብ የለበትም።

ዘፈኑ የኢንዲውን ሰንጠረዥ መሪነት ያዘ። ከዋናው ሰንጠረዥ ግን አልደረሰም። የሁለቱ ልዩነት የኪስ ልዩነት ነው። በዋናው ሰንጠረዥ መሪ መሆን በሳምንት ውስጥ ብዙ አሥር ሺዎች ሸክላ መሸጥ ይጠይቃል፤ በኢንዲው መሪነቱን ለመያዝ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። የትንንሾቹ አሳታሚዎች ደንብ ለሙዚቀኛ ያደላ ይባላል፤ ወጪ ተቀንሶ ትርፉ እኩል የሚካፈልበት ውል የተለመደ ነበር። ችግሩ የስቱዲዮው፣ የማተሚያውና የሽፋኑ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ግማሹ የሚካፈለው ነገር ብዙ ጊዜ አለመኖሩ ነው።

በዚያ ላይ ባንዱ ራሱ ተሰነጠቀ። ቀደም ሲልም ሄድ መጣ ሲል የነበረው ዲባንክ አልበሙ እንዳለቀ ለቀቀ፤ አልተመለሰምም። ሎረንስ ደግሞ የጋትሪ ድምፅ ቅንብር ዘፈኖቹን በጭጋግ ሸፍኗል ብሎ ቅር አለው። ቅሬታው ቀላል አልነበረም፤ በ2018 አልበሙ እንደገና ሲታተም በርካታዎቹን ዘፈኖች ጆን ሪቨርስ የተባለ የቀድሞ ባልደረባው ከዋናው ቅጂ ተነሥቶ አዲስ እንዲያቀናብራቸው አድርጓል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የታቀፈ ቅሬታ ነው።

እዚህ ላይ ማንም አስተዋይ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። ሰው የወደደው አንድ ዘፈን አለ፤ አዲስ አሳታሚም ተገኝቷል፤ የአለን መጊ ክሪኤሽን። የሚቀጥለው ሥራ ያንኑ ዘፈን የሚመስል መሆን ነበረበት። ሎረንስ በ1986 ለክሪኤሽን የሰጠው የመጀመሪያ አልበም «ሌት ዘ ስኔክስ ክሪንክል ዜር ሄድስ ቱ ዴዝ» ይባላል። አሥር ቅንብር አለው፤ በአንዱም ላይ የሚዘፍን ሰው የለም፤ ሁሉም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ ቢሞላ ነው። ርዕሱን ሎረንስ ራሱ ከጊዜ በኋላ ጠልቶት በ2018 ሲታተም «ዘ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ» ብሎ ቀይሮታል። አልበሙ መጥፎ አይደለም፤ አጫጭር ቅንብሮቹ ደስ ይላሉ። በዚያ ሰዓት ግን ከዚህ የከፋ ምርጫ ማሰብ ይከብዳል።

ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ያው ሰው የባንዱን ምርጥ አልበም አወጣ። «ፎርኤቨር ብሪዝስ ዘ ሎንሊ ወርድ» ስምንት ዘፈን አለው። ዲባንክ ስለሌለ የዜማው ሸክም ወደ ማርቲን ደፊ ተዛውሯል። ደፊ የበርሚንግሃም አካባቢ ልጅ ነው፤ ባንዱን የተቀላቀለው ገና አሥራዎቹን ሳይጨርስ፣ ሎረንስ ሸክላ ቤት ለለጠፈው ማስታወቂያ መልስ ሰጥቶ ነው። የሃሞንድ ኦርጋኑ በዚህ አልበም ላይ ከጊታሩ ፊት ይሄዳል፤ የስድሳዎቹን ዲላን የሚያስታውስ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ነው። የሽፋኑ ፎቶም የሎረንስ ሳይሆን የደፊ ፊት ነው። ዝና ፈላጊው ሰው በምርጥ አልበሙ ሽፋን ላይ የኪቦርድ ተጫዋቹን ፊት ማውጣቱ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ዘፈኖቹ ስለ ኩራት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሰው ጥላቻም ናቸው፤ ዜማቸው ግን ቀና ያደርጋል። ይህን አልበም ሰምቶ ለምን አልታወቀም ብሎ ያልጠየቀ ሃያሲ የለም ማለት ይቻላል።

በ1986 ኤንኤምኢ የተባለው ጋዜጣ የዘመኑን የጊታር ባንዶች ሰብስቦ «ሲ86» የተባለ ካሴት አወጣ። ካሴቱ ላይ 22 ባንዶች አሉ። ስሙ ከዚያ ወዲህ የአንድ ሙሉ ስልት መጠሪያ ሆኗል። ፌልት በካሴቱ ላይ የለም።

ቀሪዎቹን አልበሞች ቶሎ እንለፋቸው። በ1987 የወጣው «ፖኤም ኦፍ ዘ ሪቨር» በአሜሪካዊው ሜዮ ቶምሰን ፕሮዲውስ የተደረገ፣ ስድስት ዘፈን ያለው ጥሩ ሥራ ነው። በ1988 «ዘ ፒክቶሪያል ጃክሰን ሪቪው» መጣ፤ አንደኛው የሸክላ ገጽ አጫጭር ዘፈኖች፣ ሁለተኛው ገጽ የደፊ ረጃጅም የፒያኖ ቅንብሮች ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣው «ትሬን አባቭ ዘ ሲቲ» ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። ይህ የጃዝ አልበም ነው፤ ደፊ ፒያኖና ቫይብራፎን፣ ኤንጅ ከበሮ። ሎረንስ አይዘፍንም፤ ጊታርም አይመታም። የእሱ ድርሻ ለቅንብሮቹ ርዕስ ማውጣት ነበር። መሪው የሌለበት አልበም በባንዱ ስም ሲወጣ ገዢው ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ሎረንስ ግን በዚህ አልበም እንደሚኮራ በተጠየቀ ቁጥር ይናገራል።

አሥረኛውና የመጨረሻው «ሚ ኤንድ ኤ መንኪ ኦን ዘ ሙን» በ1989 ወጣ፤ የቼሪ ሬድ ቅርንጫፍ በሆነው ኤል በተባለ አሳታሚ በኩል። ፕሮዲውሰሩ የዘ ሳውንድ ባንድ መሪ የነበረው ኤድሪያን ቦርላንድ ነው፤ የታወቀው ቢ ጄ ኮልም ፔዳል ስቲል ጊታር ተጫውቶበታል። ሎረንስ እዚህ አልበም ላይ ግጥሙን ካጠረበት ቅኔ አወጣው፤ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሰባዎቹ ዓመታት፣ ስለ ቤተሰቡ በግልጽ ተናገረ። በዓመቱ መጨረሻ ባንዱ ፈረሰ። ዕቅዱ ተፈጸመ፤ ገንዘብ ግን አልነበረም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጊታሩን ሰቅሎ ሥራ ይፈልግ ነበር። ሎረንስ በቀጣዮቹ ዓመታት ዴኒም የተባለ ባንድ አቋቋመ፤ አሁን ግን የኢንዲን ጉስቁልና ትቶ፣ በልጅነቱ የሰማውን የሰባዎቹን አብረቅራቂ ፖፕ በትልቅ በጀት ሊሠራ ነው። በ1992 ለወጣው «ባክ ኢን ዴኒም» የዚያን ዘመን ታዋቂ የግሊተር ባንድ አባላትን ጭምር አመጣ። አልበሙ ላይ ያለው «ዘ ኦዝመንድስ» ስምንት ደቂቃ ያህል የሚቆይ የሰባዎቹ ትዝታ ነው፤ ከአሻንጉሊቱና ከፋሽኑ ቆጠራ መካከል በ1974 በርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ላይ ፈንድቶ 21 ሰው የገደለው ቦምብ ይገባል። በሎረንስ ዕድሜ ያለ የበርሚንግሃም ልጅ ሰባዎቹን ሲያስታውስ ያንን ሊዘለው አይችልም። ሃያሲዎች ወደዱት። በ1996 ዴኒም ዝናው ጣሪያ ለነካው ለፐልፕ ባንድ መድረክ እየከፈተ አገር ዞረ። ብሪትፖፕ በሚባለው ወጀብ ውስጥ እንግሊዝ የራሷን የፖፕ ታሪክ የምትወድበት ሰዓት ነበር፤ ሎረንስም ይህን ከሁሉም ቀድሞ ጀምሮታል።

ከዚያ 1997 መጣ። ኢኤምአይ በተባለው ትልቅ ኩባንያ ሥር «ሰመር ስማሽ» የተባለ ነጠላ ዜማ ተዘጋጀ። ቀላል፣ ፈጣን፣ በልጅ አፍ የሚያዝ ዘፈን ነው፤ ሬዲዮ 1 ላይም መሰማት ጀምሮ ነበር። የሚወጣበት ቀን መስከረም መጀመሪያ ላይ ተቆርጧል። ነሐሴ 31 ቀን ልዕልት ዲያና ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች። በርዕሱ ላይ ግጭት የሚል ትርጉም የሚሰጥ ቃል የተሸከመ ዘፈን በዚያ ሳምንት ማጫወት የማይታሰብ ሆነ። ኩባንያው ዘፈኑን ሰረዘ፤ የታተሙት ቅጂዎችም እንዲወገዱ ተደረገ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሎረንስ ሃያ ዓመት ከተጠጋ ልፋት በኋላ የመጣችለትን ዕድል ያጣው ፈጽሞ በማይመለከተው አደጋ ነው። ዴኒምም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

የተከተሉት ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ ሎረንስ ራሱ በቃለ መጠይቆች እንደተናገረው ሱስም፣ ቤት ማጣትም ደርሶበታል። ጎ ካርት ሞዛርት በሚል ስም ርካሽ ኪቦርድ እያስጮኸ በ1999፣ በ2005፣ በ2012 እና በ2018 አልበሞች አወጣ። ከመካከላቸው የሁለተኛው ርዕስ የአልበም ሰንጠረዡን እንደሚገለባብጥ ይፎክራል፤ አልገለባበጠም። ዛሬ ቡድኑ ሞዛርት እስቴት ይባላል፤ በ2023 መጀመሪያም አዲስ አልበም አሳትሟል። ሰውየው ለንደን ውስጥ በመንግሥት የኪራይ ፎቅ ቤት ይኖራል፤ አሁንም ዝናን እየጠበቀ ነው።

ከፌልት ወጥቶ ዝናን ያየው ማርቲን ደፊ ነው። ወደ ፕራይማል ስክሪም ባንድ ገብቶ በ1991 የወጣው «ስክሪማዴሊካ» ላይ ተጫወተ፤ ያ አልበም የመጀመሪያውን የመርኩሪ ሽልማት የወሰደ ነው። በሐምሌ 1996 የቻርላተንስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሮብ ኮሊንስ በመኪና አደጋ ሲሞት፣ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደፊ ዘፈኖቹን አጥንቶ ኦአሲስ ኔብዎርዝ ላይ ባዘጋጀው ግዙፍ ኮንሰርት ቦታውን ሸፈነ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊት ማለት ነው። ኦአሲስን ያስፈረመውም ያው ክሪኤሽን ነበር፤ ፌልት ሳይሸጥለት የኖረው አሳታሚ በመጨረሻ የዘመኑን ትልቁን ባንድ ይዞ ተገኘ። ደፊ በታኅሣሥ 2022 በ55 ዓመቱ አረፈ።

አድናቆቱ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። የቤል ኤንድ ሰባስቲያን መሪ ስቱዋርት መርዶክ ለፌልት ያለውን ፍቅር ደብቆ አያውቅም። ፖል ኬሊ «ሎረንስ ኦፍ ቤልግራቪያ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ በ2011 በለንደን የፊልም ፌስቲቫል አሳየ። የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው ኮሪን ጆንሰን የሎረንስን ጭንቅላት ከነኮፍያውና ከነመነጽሩ ከእብነ በረድ ጠረበ። በ2024 ደግሞ ጋዜጠኛው ዊል ሆጅኪንሰን አንድ ዓመት ሙሉ ከሎረንስ ጋር በለንደን ጎዳናዎችና ዳርቻዎች በእግሩ ሲዞር ያየውን መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። ሐውልትም፣ ፊልምም፣ መጽሐፍም ያለው ሰው፣ በዋናው ሰንጠረዥ አናት የወጣ ዘፈን ብቻ የለውም።

ስለ ፌልት የሚጽፉ ሁሉ «ዕድለ ቢስ» የሚለውን ቃል ይወዱታል። የ1997ቱ ጉዳይ በእርግጥ መጥፎ ዕድል ነው፤ የፒል ጆሮ ዳባ ልበስም እንዲሁ። ነገር ግን ከ«ፕሪሚቲቭ ፔይንተርስ» ቀጥሎ ዘፋኝ የሌለበት አልበም ያወጣው ዕድል አይደለም። ሲምባል የከለከለው፣ በምርጡ አልበም ሽፋን ላይ የሌላ ሰው ፊት ያስቀመጠው፣ ራሱ የሌለበትን የጃዝ አልበም ያሳተመውም ሎረንስ ነው። ዝናን ይመኛል፤ ዝና የምትጠይቀውን ግን አንድም ቀን አልሰጣትም። አሥሩም አልበሞች ዛሬ ሳያረጁ የሚደመጡት ያንን ባለመስጠቱ ይመስላል፤ በ1985 የአገሪቱን ሰንጠረዥ የመሩት አብዛኞቹ ዘፈኖች ዛሬ የሚሰሙት ለሳቅ ነው።

ፌልትን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የሚፈልግ አንባቢ በ«ፕሪሚቲቭ ፔይንተርስ» ይጀምር፤ ቀጥሎ «ፎርኤቨር ብሪዝስ ዘ ሎንሊ ወርድ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስማ። የጊታር ወዳጅ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ የዲባንክን ጣቶች «ዘ ስፕሌንደር ኦፍ ፊር» ላይ ይከታተል። አሥሩም አልበሞች በ2018 በቼሪ ሬድ እንደገና ታትመዋል፤ በኢንተርኔት የሙዚቃ መደብሮችም ይገኛሉ። «ትሬን አባቭ ዘ ሲቲ»ን ለመጨረሻ ማቆየት ነው የሚሻለው።